18 ለ 17፦ የጣሪያው ሂሳብ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤ፣ ቤተሰብ እንዳልቀሰቅስ ድምፁን ዘግቼ ያየሁት ጨዋታ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር ጁን 17 ቀን 2024 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ቦስተን ሴልቲክስ ዳላስን 106 ለ 88 ገጭቶ ፋይናሉን (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን የሚወስድበትን) 4 ለ 1 ጨረሰው፣ የቦስተኑ ጄይለን ብራውን የፋይናሉ ኤምቪፒ (ምርጥ ተጫዋች) ተባለ፣ እኔ ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ ከአንድ ጓደኛዬ ቴሌግራም ገባ። የላከው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «18»። ስለ ዳላስ ምንም የለ፣ ስለ ጨዋታው ምንም የለ። የተሸነፈው ዳላስ ነው፣ የተሰደበው ግን እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም እኔ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ደጋፊ ነኝ፣ ለቦስተን ይሄ 18ኛ ዋንጫው ነው፣ ሌከርስ ደሞ 17 ላይ ነው የቆመው።

ለኤንቢኤ አዲስ የሆነ ሰው ይሄን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ሁለቱ ቡድኖች ፋይናል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት በ2010 ነው። እኛ ደርቢ ስንል ቡናና ጊዮርጊስ ነው የሚመጣብን፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ስታዲየም፣ አንድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ማሊያ። እነዚህኞቹ በመሀላቸው ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ፣ አንዱ ምስራቅ ጫፍ አንዱ ምዕራብ ጫፍ ናቸው፣ በመደበኛው ሲዝን የሚገናኙት በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው፣ ፋይናል ላይ ደሞ ከ1969 በኋላ ለመገናኘት 15 ዓመት፣ ከ1987 በኋላ 21 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ታዲያ ምኑ ነው ፉክክር የሚያሰኘው ካላችሁኝ መልሱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ሁለቱም አዳራሻቸው ጣሪያ ላይ ባነር ይሰቅላሉ፣ ሁለቱም የዋንጫና የትልልቅ ተጫዋቾችን ቁጥር ነው የሚሰቅሉት፣ እና አንዱ ባነር በጨመረ ቁጥር ሌላው ቀና ብሎ የራሱን ይቆጥራል። (ሌከርስ በ2023 የሲዝን መሀል ዋንጫ በልቶ ለሱም ባነር ሲሰቅል የቦስተን ሰዎች ምን ያህል እንደሳቁብን ባናነሳው ይሻላል።)

ሂሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፣ ዋንጫ 18 ለ 17፣ ፋይናል ላይ ፊት ለፊት 12 ጊዜ ተገናኝተው ሴልቲክስ 9 ሌከርስ 3። ግን ይሄ ሂሳብ ራሱ ውስጡ ክርክር አለበት፣ ክርክሩም የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ሌከርስ» ማለት የሀይቅ ሰዎች ማለት ነው፣ ሎስ አንጀለስ ደሞ በሀይቅ አትታወቅም። ስሙ የመጣው ከሚኒሶታ ነው፣ አስር ሺህ ሀይቅ አለን ከሚሉት ግዛት። በ1947 ዲትሮይት ውስጥ የነበረ የከሰረ ቡድን በ15 ሺህ ዶላር ተገዝቶ የሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ሄደ፣ ጆርጅ ማይከን የሚባል መነፅራም ረጅም ሰው አገኘና ከ1949 እስከ 1954 ባለው ጊዜ አምስት ዋንጫ በላ። በ1960 ጓዙን ጠቅልሎ ካሊፎርኒያ ገባ። ሴልቲክስ ግን ከ1946 ጀምሮ እዛው ቦስተን ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

እና የቦስተን ደጋፊ ምን ይልሃል፣ «የሚኒያፖሊሱ አምስት አይቆጠርም፣ ሎስ አንጀለስ ያላት 12 ብቻ ነው» ይልሃል። ሌከርስ ራሱም ነገሩን ሲያዳፍነው ነበር፣ እነዛን ዋንጫዎች ጣሪያው ላይ ያስታወሳቸው በ2002 ነው፣ ያውም ለአምስቱም በአንድ ባነር፣ የማይከን 99 ቁጥር የተሰቀለው ደሞ በ2022። ይሄን አምኜ እቀበላለሁ፣ አሳፋሪ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ያ «9 ለ 3» የምትሉት ውስጥ የመጀመሪያው የ1959 ፋይናል ነው፣ ሴልቲክስ 4 ለ 0 ጠርጎ ያሸነፈው። ያኔ ሌከርስ የት ነበር? ሚኒያፖሊስ! ስናሸንፍ ሌላ ቡድን ስንሸነፍ ግን እኛው ነን ማለት ነው? ወይ 18 ለ 17 እና 9 ለ 3 በሉ፣ ወይ 18 ለ 12 እና 8 ለ 3 በሉ፣ ከሁለቱ ሂሳብ የሚጥማችሁን ብቻ መርጦ መውሰድ ግን አይቻልም። ይሄን ለዛ ጓደኛዬ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁት፣ ቢሰማ አይደል።

የሴልቲክስ ታሪክ የቢል ራስል ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። በ1956 ኮቹ ሬድ አወርባክ ሁለት ተጫዋቾች ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ በድራፍቱ (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ራስልን ወሰደ፣ ሰውየው በ13 ሲዝን 11 ዋንጫ በላ። አስራ አንድ! አዎ ራስል ሲጀምር ሊጉ ስምንት ቡድን ብቻ ነበረው፣ በ1957 ዋንጫ ለመውሰድ ሁለት ዙር ማሸነፍ ይበቃ ነበር፣ ግን ያንኑ ሊግ ሌሎቹም ተጫውተውበታል፣ አስራ አንድ ያመጣ ግን የለም። ከነዛ ዋንጫዎች ሰባቱ በሌከርስ ላይ የተወሰዱ ናቸው።

የ1962ቱ በተለይ ያንገበግባል። የሌከርሱ ኤልጂን ቤይለር የዛን ዓመት ወታደር ነበር፣ ሪዘርቭ ተጠርቶ በፈቃድ እየወጣ ነበር ሲጫወት የከረመው፣ ፋይናሉ ጌም 5 ላይ ግን ቦስተን ውስጥ 61 ነጥብ አገባ፣ እስከዛሬ በፋይናል ታሪክ ያልተሰበረ ሪከርድ ነው። ጌም 7 ላይ እኩል 100 ለ 100 ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ፍራንክ ሴልቪ ነፃ ሆኖ ወረወረ፣ ሪንጉን ነክታ ወጣች። ኦቨርታይም (ተጨማሪ ሰዓት)፣ 110 ለ 107 ቦስተን። ራስል የዛን ቀን 30 ነጥብና 40 ሪባውንድ (ስታ የነጠረች ኳስ መያዝ) ነበረው። ያቺ ኳስ ገብታ ቢሆን የሌከርስ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ በ1963፣ በ1965፣ በ1966፣ በ1968 ቦስተን ደጋግማ ስትደቁሳቸው ነገሩ የኳስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንደ እርግማን ነገር ሆነ።

ከዛ 1969 መጣ፣ እና ይሄንን ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

የሌከርስ ባለቤት ጃክ ኬንት ኩክ የሚባል ሀብታም ነበር፣ ፎረም የሚባለውን ቆንጆ አዳራሽ የሰራው እሱ ነው። ግዙፉን ዊልት ቻምበርሌይን አስመጣ፣ ጄሪ ዌስትና ቤይለር ነበሩ፣ ሴልቲክስ ደሞ አርጅቷል፣ በምስራቁ አራተኛ ሆኖ ነው ፕሌኦፍ የገባው፣ ራስል እዛው ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበር። ጌም 7 ሎስ አንጀለስ ላይ ሆነ። ኩክ በቃ እርግጠኛ ሆነ፣ የፎረም ጣሪያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊኛዎች በመረብ አሳስሮ ሰቀለ፣ ሌከርስ ሲያሸንፍ ፊኛው እንደሚለቀቅና ባንድ ወጥቶ እንደሚጫወት የሚገልፅ ፕሮግራም ሁሉ አዘጋጀ። ያ ወረቀት የሴልቲክስ ልጆች እጅ ገባ። ሰርጉ ሳይደገስ ድንኳን የተጣለበት ቤት ማለት ነው፣ ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ሲወጡ ቀና ብለው ፊኛውን ያያሉ። ዌስት ራሱ በባለቤቱ ነገር በጣም ነው የተናደደው።

ጨዋታው ላይ ሴልቲክስ በሰፊ ልዩነት መራ፣ ሌከርስ በአራተኛው ኳርተር እየተጠጋ መጣ፣ ዊልት ጉልበቱን ተመቶ ወጣ፣ በኋላ ልግባ ቢል ኮቹ ቡች ቫን ብሬዳ ኮልፍ አይሆንም አለው (ሁለቱ ድሮም አይዋደዱም ነበር፣ ምን አይነት እልህ እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም)። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቦስተኑ ዶን ኔልሰን የወረወራት ኳስ የሪንጉን ጀርባ ነክታ ወደ ላይ ነጥራ፣ ተመልሳ ቀጥ ብላ ገባች። 108 ለ 106። ዌስት በአንድ እግሩ እያነከሰ 42 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድና 12 አሲስት (ነጥብ የሆነ ኳስ ማቀበል) አድርጎ ተሸነፈ። የፋይናሉ ኤምቪፒ እሱ ሆነ፣ ከተሸናፊ ቡድን የፋይናል ኤምቪፒ የተባለ ሌላ ሰው እስከዛሬ የለም። ለሽልማት መኪና ተሰጠው፣ የመኪናው ቀለም ግን አረንጓዴ ነበር፣ የሴልቲክስ ቀለም። ሰው እንዲህ ይቀለድበታል? ፊኛዎቹ እዛው ጣሪያ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ራስል ዋንጫውን ይዞ ጡረታ ወጣ።

ዌስትን አታውቁትም እንዳትሉ፣ ኤንቢኤ ሎጎ ላይ ያለው ጥላ የሱ ነው። እና የሊጉ ምልክት የሆነው ሰውዬ በቦስተን ስድስት ፋይናል የተሸነፈ ሰው ነው። በ1972 አንድ ዋንጫ በላ፣ የዛን ዓመት ሌከርስ 33 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈበት ነው፣ ግን ያሸነፉት ኒውዮርክን ነው፣ ቦስተንን አይደለም። በዚህ ፉክክር ውስጥ ያለውን ነገር መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ የዚህን ሰውዬ ፊት ማየት ይበቃል።

አሁን ደሞ ብዙ ጊዜ በግማሽ የሚወራ ነገር አለ፣ የዘር ነገር። በሰማኒያዎቹ ቦስተን «የነጭ ቡድን» ነበር የሚባለው፣ የ1986ቱ ሻምፒዮን ቡድን ውስጥ ከ12 ተጫዋች 8ቱ ነጮች ነበሩ፣ ከተማዋም በ1974 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በአውቶብስ ቀላቅሎ ማስተማር ሲጀመር ረብሻ ያስነሳች ከተማ ናት። ስለዚህ ብዙ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ቦስተን ውስጥ የሚኖረው ጭምር፣ ሌከርስን ይደግፍ ነበር። እስከዚህ ልክ ነው። ግን ጥቁር ተጫዋች በኤንቢኤ ድራፍት መጀመሪያ የመረጠው ሴልቲክስ ነው፣ በ1950 ቸክ ኩፐርን፣ አምስት ጥቁሮችን ቋሚ አሰላለፍ ላይ መጀመሪያ ያስገባው ሴልቲክስ ነው፣ በ1964፣ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝም የሴልቲክሱ ራስል ነው፣ በ1966። ያ «የነጭ» የተባለው የሰማኒያዎቹ ቡድን እንኳን ኮቹ ጥቁር ነበር፣ ኬሲ ጆንስ፣ የሌከርስ ኮች ፓት ራይሊ ደሞ ነጭ። ክለቡና ከተማው ሁለት ነገር ናቸው። ራስል ዋንጫ በዋንጫ ላይ እየደረደረላቸው የቦስተን አዳራሽ ጋርደን ብዙ ጊዜ አይሞላም ነበር፣ ቤቱ ተሰብሮ ግድግዳው ላይ የዘር ስድብ ተጽፎበታል፣ አልጋው ላይ ተጸዳድተውበታል። በ1972 ቁጥሩ ጣሪያ ላይ ሲሰቀል ህዝብ አልነበረም፣ በባዶ አዳራሽ ይሁን ያለው እሱ ራሱ ነው። ሐውልት የቆመለት በ2013 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ቦስተን ዘረኛ ሎስ አንጀለስ መልአክ ብሎ ሲያቃልላችሁ፣ የሌከርስ ደጋፊ ሆኜም ቢሆን፣ አትቀበሉት።

ማጂክና በርድ ደሞ ሁሉም የሚያውቀው ምዕራፍ ነው፣ ቢሆንም አይታለፍም። በማርች 1979 በዩኒቨርሲቲ ፋይናል ተገናኙ፣ የማጂክ ጆንሰን ሚሺጋን ስቴት የላሪ በርድን ኢንዲያና ስቴት 75 ለ 64 አሸነፈ፣ በዛው ዓመት ማጂክ ሌከርስ በርድ ሴልቲክስ ገቡ። ሊጉ ያኔ ተመልካች አጥቶ ነበር፣ ማጂክ በ1980 የሌከርሱ ግዙፍ ካሪም አብዱል ጀባር ተጎድቶ ሳለ በሱ ቦታ ገብቶ 42 ነጥብ ያገባበት የዋንጫ ጨዋታ እንኳን ብዙ ቦታ የታየው ተቀርፆ ሌሊት ነው፣ ይታያችሁ።

በ1984 ፋይናል ተገናኙ። ሌከርስ ጌም 3ን 137 ለ 104 ሲያሸንፍ በርድ የራሱን ቡድን ልፍስፍሶች ብሎ በጋዜጠኞች ፊት ሰደበ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ የቦስተኑ ኬቨን ማክሄል በፈጣን ማጥቃት ላይ እየበረረ የነበረውን የሌከርሱን ከርት ራምቢስን አንገቱ ላይ ይዞ መሬት ጣለው፣ ዛሬ ቢሆን ለብዙ ጨዋታ ያስቀጣል። ከዛ ጌም 5። ቦስተን ጋርደን አሮጌ ነው፣ ኤሲ የለውም፣ የዛን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ካሪም ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የኦክስጅን ጭንብል ፊቱ ላይ አድርጎ ሲተነፍስ የሚያሳየው ምስል አለ፣ ዩቲዩብ ላይ እዩት፣ በዛው ሙቀት በርድ ከ20 ሙከራ 15 አግብቶ 34 ነጥብና 17 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። ጌም 7ም የቦስተን ሆነ። ስምንት ጊዜ ተገናኝተው ስምንቱንም ተሸነፉ ማለት ነው።

1985 ላይ ጌም 1 ቦስተን 148 ለ 114 አሸነፈ፣ ካሪም 38 ዓመቱ ነበር፣ በቃ አለቀለት ተባለ። በሁለተኛው ጨዋታ ቀን ካሪም አባቱን በቡድኑ አውቶብስ ይዞ መሄድ እንደሚፈልግ ለራይሊ ነገረው፣ ለውጭ ሰው የተከለከለ ነገር ነው፣ ራይሊ ፈቀደ። ካሪም 30 ነጥብና 17 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። በስድስተኛው ጨዋታ እዛው ጋርደን ውስጥ፣ እዛው አረንጓዴ ባነሮች ስር 111 ለ 100 አሸንፈው ጨረሱት። የዛ ቡድን ጀነራል ማናጀር ማን ነበር መሰላችሁ? ጄሪ ዌስት። በ1987 ደግሞ ደገሙት። ታዲያ ጥላቻው ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ በ1985 ማጂክ ለጫማ ማስታወቂያ ቀረፃ በርድ ትውልድ መንደር ፍሬንች ሊክ ሄዶ የበርድ እናት ምሳ ሰርታ አብልታዋለች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ሰው ቤት እንጀራ ከቀመስክ በኋላ ጠላትነቱ አይፀናም።

ከዛ ሁለቱንም ሀዘን መታቸው። ቦስተን በድራፍት የወሰደው ሌን ባያስ በተመረጠ በሁለተኛው ቀን ሞተ፣ በ1986፣ ሌላው የቦስተን ተጫዋች ሬጂ ሉዊስ በ1993 ሞተ፣ ማጂክ በኖቬምበር 1991 ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ተናግሮ ጫማ ሰቀለ። ዌስት በ1996 ሻኪል ኦኒልንና የ17 ዓመቱን ኮቢ ብራያንትን አምጥቶ ሌከርስን ሲያስነሳ ሴልቲክስ ግን ያለ ዋንጫ ከ20 ዓመት በላይ ተኝቷል።

በ2008 ተመልሰው ተገናኙ፣ በቦስተን በኩል ፖል ፒርስ፣ ኬቨን ጋርኔት፣ ሬይ አለን። የሚገርመው ፒርስ ያደገው ኢንግልውድ ነው፣ ከፎረም ቅርብ፣ ልጅ እያለ ሌከርስን ይወድ ነበር፣ አድጎ ነው የቀበረን። የመጨረሻው ጨዋታ 131 ለ 92 ነበር፣ 39 ነጥብ ልዩነት፣ ስለዚህ ጨዋታ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በ2010 ግን። የቦስተኑ ኮች ዶክ ሪቨርስ በፌብሩዋሪ ሎስ አንጀለስ ላይ ከተጫወቱ በኋላ ከያንዳንዱ ሰው 100 100 ዶላር ሰበሰበ፣ በድምሩ 2,600 ዶላር፣ የመልበሻ ክፍሉን ኮርኒስ ከፍቶ ደበቀው፣ ብሩን የምታገኙት ለፋይናል ተመልሳችሁ ስትመጡ ነው አላቸው። (እነዚህ ሰዎችና ጣሪያ ነገር አላቸው።) እውነትም መጡ፣ ብራቸውንም ወሰዱ፣ ጌም 7 ላይ በሦስተኛው ኳርተር በ13 እየመሩ ነበር። ኮቢ ከ24 ሙከራ 6 ብቻ ነው ያገባው፣ በጣም ቀሽም ነበር፣ ግን 15 ሪባውንድ ያዘ፣ የሌከርሱ ሮን አርቴስት መጨረሻ ላይ ወሳኝ ሦስት ነጥብ አገባ፣ 83 ለ 79። አርቴስት ከጨዋታው በኋላ በቀጥታ ስርጭት የስነ አእምሮ ሀኪሙን አመሰገነ። አስቀያሚ ጨዋታ ነበር፣ እኔ ግን ከነአስቀያሚነቱ ነው የምወደው። ቀኑ ጁን 17 ነበር። የ2008ቱ 131 ለ 92ም ጁን 17 ነው፣ የ2024ቱ 18ኛ ዋንጫም ጁን 17፣ ሌን ባያስ ለቦስተን የተመረጠውም ጁን 17። በኛ ሰኔ 10 ማለት ነው፣ እኔ ቀን አላመልክም ግን ሰኔ 10 ሲመጣ ቴሌግራም መክፈት ትቻለሁ።

አሁን የት ነን? ሌከርስ በ2020፣ ኮቢ በሞተበት ዓመት፣ 17 አድርጎ እኩል ሆነ፣ እኩልነቱ አራት ዓመት ብቻ ቆየ። በ2025 ሁለቱም ክለቦች ገበያ ወጡ፣ ሴልቲክስ በ6.1 ቢሊዮን ዶላር ግምት ለቢል ቺዝም ቡድን፣ ሌከርስ በ10 ቢሊዮን ግምት ለማርክ ዋልተር። ጄሪ ባስ በ1979 ሌከርስን ከሆኪ ቡድኑ፣ ከፎረሙና ከአንድ ትልቅ የከብት እርሻ ጋር በ67.5 ሚሊዮን ነው የገዛው። እንግዲህ ያ ባነር ስንት እንደሚያወጣ ከዚህ አስሉት፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሌከርስና ሴልቲክስ ባይሆኑ ይሄ ገንዘብ አይጠራም ነበር። ሜዳ ላይ ደሞ የቦስተኑ ጄይሰን ቴተም፣ ልጅ እያለ ኮቢን የሚያመልክ የነበረው፣ በሜይ 2025 አኪለሱ (የተረከዙ ጅማት) ተበጠሰ፣ ክለቡም ወጪ ለመቀነስ ከሻምፒዮኑ ቡድን ሰው ሸኘ። ሌከርስ ደሞ ቦስተን 18ኛውን ስትበላ ተቃራኒው ሆኖ የተሸነፈውን ሉካ ዶንቺችን ከዳላስ አመጣ።

ጄሪ ዌስት የሞተው ጁን 12 ቀን 2024 ነው። ፋይናሉ መሀል ላይ። ሴልቲክስ 18 ሊያደርገው አምስት ቀን ሲቀረው። ያንን ባያይ ይሻላል አልኩኝ ያኔ ለራሴ።

የሉካ ዜና የመጣ ቀን እሁድ ነበር፣ ፌብሩዋሪ 2025፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ፣ መጀመሪያ ውሸት ነው ብዬ ሦስት አራት ቦታ አጣራሁ፣ ከዛ ለዛ ጓደኛዬ የሉካን ማሊያ ቁጥር ላክሁለት። «77»። ሁለት ሰማያዊ ምልክት ወዲያው መጣ፣ አይቶታል። መልሱ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። «18» አለኝ።